ደወል የሚጠራን ወዴት ነው?

አንባቢ ሆይ፤ ደወል በአገራችን እጅግ የታወቀ ነገር ነው። ሲነጋ ይመታል፥ ምእመናንም ለጸሎት ይነሣሉ፤ በበዓል ቀን ይመታል፥ ሕዝቡም ነጭ ለብሶ ይወጣል፤ ሰው በሞተ ጊዜ ይመታል፥ ጎረቤትም ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ለቅሶ ይሄዳል። እንዲህ የታወቀ ስለ ሆነ ግን ብዙ ሰው ድምፁን ይሰማል እንጂ ስለ ነገሩ አያስብም። እኛ በዚህች ትንሽ ጽሑፍ ስለ ደወል ታሪክ ጥቂት ልንነግርህ፥ ከታሪኩም አንድ ከባድ ጥያቄ አውጥተን ከአንተ ጋር ልንመረምር እንወዳለን። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ሰውን ወደ በጎ ነገር የሚጠራ ድምፅ በጎነቱ ከምን ላይ ነው? ከመሣሪያው ነውን? ከመቺው ነውን? ወይስ ከሰሚው?

ይህ ጥያቄ ለሊቃውንት ብቻ የሚሆን መስሎ ቢታይህ አትሳት። ልጁን የሚመክር አባት፥ ሕዝብን የሚያስተምር መምህር፥ የተጣሉትን የሚያስታርቅ ሽማግሌ፥ ወደ ጸሎት ቤት የሚገሠግሥ ምእመን ሁሉ በየቀኑ በዚህ ጥያቄ ፊት ይቆማል፤ ሁላችንም ወይ ጠሪ ነን፥ ወይ ተጠሪ ነንና።

ጨንቻን የሚያውቅ ሰው ጭጋጓን ያውቃል። ከተማይቱ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ በጋሞ ተራሮች ላይ፥ ከባሕር ጠለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ጭጋጉ በወረደ ጊዜ ሰው በደጁ ያለውን የእንሰቱን ቅጠልና የቀርከሃውን አጥር እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን አያይም። ቤተ ክርስቲያኑ በዐይን አይታይም፤ የደወሉ ድምፅ ግን ጭጋጉን ዘልቆ ይመጣል። መንገደኛም ድምፁን ሰምቶ ከተማው በየት በኩል እንደ ሆነ ያውቃል። ዐይን በማይረዳበት ቦታ ሰው በጆሮው ይመራል፤ በጆሮው የሚመራ ሰውም የሚመራው ድምፅ እውነተኛ ይሆን ዘንድ እጅግ ያስፈልገዋል። የሰው ሕይወትም እንዲህ ነው፤ ነገ የሚሆነውን ስለማናይ፥ የሚጠሩንን ድምፆች እያመንን እንሄዳለን።

ጨንቻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የጋሞ አገር ከተያዘ በኋላ የመኳንንትና የወታደር ከተማ ሆነች፤ ኋላም የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ ሆና ቆየች። በ1950ዎቹ ዓመታት ርእሰ ከተማነቱ ወደ ቆላው፥ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ነገር ግን በጋሞ ተራሮች የክርስቶስ ስም መጠራት የጀመረው በዚያን ጊዜ አይደለም። ብርብር ማርያም የምትባለው ቤተ ክርስቲያን የምኒልክ ጦር ወደዚያ ከመድረሱ እጅግ አስቀድማ የኖረች ናት። ስለዚህ በዚያ አገር ከባለ ጠመንጃ ጋር የመጣ ደወል አለ፤ ከእርሱ በፊት የነበረ ጥሪም አለ። ይህን ልዩነት አስበህ ያዝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ደወል በኢትዮጵያ ሁልጊዜ ከብረት የተሠራ አልነበረም። በጣና ደሴቶች ገዳማትና በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ ድረስ የድንጋይ ደወል ይታያል። ረጅምና ስስ የሆነ፥ ሲመታ የሚጮኽ ድንጋይ ተመርጦ፥ በገመድ ከእንጨት ላይ ይንጠለጠላል፤ መቺውም በሌላ ትንሽ ድንጋይ ይመታዋል። ድንጋዮቹ መጠናቸው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ድምፃቸውም ልዩ ልዩ ነው። ከውጭ አገር የብረት ደወል ለማምጣት መንገዱም ገንዘቡም ባልነበረ ጊዜ አባቶች ከተራራቸው ድንጋይ ወስደው ሕዝባቸውን ጠሩ። በየገጠሩ ባሉ የጸሎት ቤቶችና ትምህርት ቤቶችም ከዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታ የምንሰማው ነገር የዚያው ልማድ ተከታይ ነው። ቸርኬ ሲሠራ ለጭነት ተሠራ፤ ሰው ግን ለጥሪ አደረገው።

የነሐስ ደወል ግን በሙያ የሚሠራ ነገር ነው። ደወል ሠሪዎች አራት እጅ መዳብና አንድ እጅ ቆርቆሮ ያህል አቅልጠው ይደባልቃሉ። ቆርቆሮው ሲበዛ ነሐሱ ይጠነክራል፥ ድምፁም ይረዝማል፤ ነገር ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል። ዘጠኝ እጅ መዳብና አንድ እጅ ቆርቆሮ ያህል ቢደባለቅ ግን ድምፁ ይደነዝዛል፥ ጽናቱ ግን ይበልጣል፤ ባሩድም ሲፈነዳበት አይሰነጠቅም። ይህ ሁለተኛው ድብልቅ ከጥንት ጀምሮ መድፍ የሚሠራበት ነው። አየህን? ደወልና መድፍ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ልዩነታቸው በመጠን ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንምጣ፤ በጎነቱ ከመሣሪያው ነውን?

የሩስያ ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1700 ዓመት በናርቫ ድል በሆነና መድፎቹን ባጣ ጊዜ፥ ከአብያተ ክርስቲያናት ደወል አውርደው መድፍ እንዲሠሩበት አዘዘ። በቪየና ከተማ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ፤ በ1683 ዓመት ከተማይቱን ከበው ከነበሩት ከቱርኮች የተማረከው መድፍ ቀልጦ፥ በ1711 ለቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ታላቅ ደወል ተሠራበት። ያም ደወል በ1945 ዓመት በጦርነቱ መጨረሻ ካቴድራሉ ሲቃጠል ወድቆ ተሰበረ፤ ከስብርባሪው እንደ ገና ቀልጦ በ1951 ዓመት አዲስ ደወል ሆነ። በዚያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የናዚ መንግሥት ከጀርመንና ከያዛቸው አገሮች 175,000 ያህል የቤተ ክርስቲያን ደወሎች ለጦር መሣሪያ አስወረደ፤ ከእነዚህም ወደ 150,000 የሚጠጉት ጠፉ። ነሐሱ እሺም እንቢም አላለም። ሰው ለጸሎት ሲያደርገው ለጸሎት ሆነ፤ ለመግደል ሲያደርገው ለመግደል ሆነ።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ አልራቀም። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የወንጌል ማኅበር የመጡ የእጅ ሙያ ያላቸው መልእክተኞች በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተቀምጠው ነበር። አሳባቸው በእጃቸው ሥራ እየኖሩ ቅዱስ መጽሐፍን ለሕዝቡ ማዳረስ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን መድፍ እንዲሠሩለት ጠየቃቸው። ሥራውን አናውቅም አሉ፤ ንጉሡም አጥብቆ ያዛቸው። ሞከሩ፥ ብዙ ጊዜም ከሸፈባቸው፤ በመጨረሻ ተሳካላቸው። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ፥ ክብደቱ 7 ቶን ያህል የሆነው፥ ከእጃቸው ወጣ። በብዙ ሺህ ሰው ጕልበት እየተጐተተ ወደ መቅደላ ወጣ፤ ንጉሡም በ1860 ዓ.ም. በዚያው በመቅደላ ሞተ። መድፉ እስከ ዛሬ በአምባው ላይ ተጋድሞ ይታያል። እኛ በእነዚያ ሰዎች ላይ ልንፈርድ አልተነሣንም፤ በኃይለኛ ንጉሥ እጅ ያለ ሰው ምን ያህል አርነት እንዳለው እግዚአብሔር ያውቃል። ይሁን እንጂ ነገሩን ልብ በል። ሰውን ወደ ሰላም ሊጠሩ መጡ፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ የሚያስታውሳቸው በመድፉ ነው።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ጋፋት ላይ ደወሉን የሚያቀልጠው አልነበረም፤ እጅ ግን ከሥራው ወጣ። በኢጣልያ አገር ደግሞ ደወሉ ሳይቀልጥ፥ በማማው ላይ እንዳለ፥ ለጦር ተደወለ። መስከረም 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በኢትዮጵያ ላይ የሚከፍተውን ጦርነት ለሕዝቡ ሲያስታውቅ፥ በየከተማው ሰውን ወደ አደባባይ የሰበሰበው የፋብሪካ ጡሩምባና የቤተ ክርስቲያን ደወል ነበረ። በጥዋት ለቅዳሴ የሚጠራው ያው ደወል፥ በዚያው ገመድ፥ በዚያው ድምፅ፥ ሕዝቡን ለወረራ ጠራ። በማግሥቱ ጦሩ መረብን ተሻገረ። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፥ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ ፋሽስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ለሦስት ቀን ግድያ ለቀቁ፤ በአድዋ ድል መታሰቢያ የቆመውንም የአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራል በእሳት አቃጠሉት። በደወል ተጠርተው የተነሡ ሰዎች የደወልን ቤት አቃጠሉ።

እንግዲህ መልሱ ግልጥ ነው። በጎነት በነሐሱ ውስጥ የለም። ማማው ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ ድምፁ ያማረ ስለ ሆነ፥ የተሰቀለውም በቅዱስ ስፍራ ስለ ሆነ ብቻ ጥሪው የእግዚአብሔር ነው አይባልም። ሰው፦ ወዴት ነው የምጠራው? ለምንስ ነው? ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ደወል ሰምቶ መሮጥ በግም ይችላል፤ በጎች የእረኛቸውን ቃጭል ሰምተው ይሰበሰባሉና። ሰው የሚለየው የጥሪውን ፍጻሜ በመመርመሩ ነው።

የድምፅ ታላቅነትም ለበጎነት ምስክር አይሆንም። በሞስኮ ከተማ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1735 ዓመት ተሠርቶ ያለቀ፥ ክብደቱ 200 ቶን ያህል የሆነ ደወል አለ። በዓለም ላይ ከእርሱ የሚከብድ ደወል የለም። ነገር ግን ከጕድጓዱ ሳይወጣ በ1737 ዓመት እሳት ተነሣ፤ ነሐሱም ጋለ፥ ውኃም ሲፈስበት ተሰነጠቀ፥ 11 ቶን የሚያህል ስባሪም ከእርሱ ወደቀ። ስለዚህ ከዓለም ደወሎች ሁሉ የሚበልጠው ደወል አንድ ቀን እንኳ ሰው አልጠራም፤ ጎብኚዎች ዙሪያውን እየዞሩ ያዩታል። በብርብር ተራራ ወይም በጣና ደሴት ድንጋይ አንጠልጥሎ የሚመታ አንድ ድሃ ዲያቆን ከዚያ ታላቅ ደወል የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል። ዛሬ በብዙ ከተሞች ደወሉ አልበቃ ብሎ በየማማው ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፤ የሁሉም ማኅበር ሰው፥ የእኛም ጭምር፥ ከጎረቤቱ ይልቅ ለመሰማት ይጣጣራል። እናንተ ወንድሞች፥ የታመመ ሰው በጎረቤት ተኝቶ እንደ ሆነ አስቡ። በጩኸት ብዛት የተወደደ መልእክት የለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ፤ በጎነቱ ከመቺው ነውን? መቺው ክፉ ከሆነስ ጥሪው ይሻራልን?

እዚህ ላይ ቀደም ብለን አስበህ ያዝ ወዳልንህ ነገር እንመለሳለን። በደቡቡ አገር በነፍጠኛው ዘመን ባላገሩ ገባር ሆነ፤ ከእርሻው ይከፍላል፥ ለባለ ጕልቱም ይሠራል። እሑድ ጥዋት ደወል ሲመታ ባላገሩ ምን ይሰማ ነበር? በሳምንቱ ውስጥ ጕልበቱን የወሰደበት ሰው በእሑድ ወደ ጸሎት ሲሄድ ያያል። ደወሉ፦ ወደ እግዚአብሔር ኑ ይላል፤ ደወሉን ያሠራው ሰው ግን በሳምንቱ ስድስት ቀን ሌላ ነገር ይላል። እንዲህ ያለው ሰው በጥሪው ላይ ተጠራጥሮ ቢቀር የሚደንቅ ነውን? ሕዝብን ከእግዚአብሔር ቤት የሚያርቀው ብዙ ጊዜ የደወል አለመኖር አይደለም፤ የሚደውለው ሰው አኗኗር ነው። ይህም ቃል ለነፍጠኛው ብቻ የተነገረ አይደለም። ወንጌልን እሰብካለሁ የሚል፥ ለሠራተኛው ግን ደመወዙን የሚያዘገይ ሰው ሁሉ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ፍቅር የሌለበትን ንግግር፥ የመላእክት ቋንቋ እንኳ ቢሆን፥ ባዶውን ከሚጮኽ ናስ ጋር አመሳስሎታል።

ይሁን እንጂ መቺው ክፉ ስለ ሆነ ጥሪው ሐሰት ይሆናል ማለት አይደለም። ይህንን በሌላ አገር ምሳሌ እናስረዳ። በአሜሪካ፥ በፊላደልፊያ ከተማ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1752 ዓመት ከለንደን የመጣ ደወል ነበረ። በላዩም ለምድሪቱ ነዋሪዎች ሁሉ ነጻነት እንዲታወጅ የሚያዝዝ ቃል ከኦሪት ዘሌዋውያን ተቀርጾበት ነበር። ደወሉ ይህን ቃል ተሸክሞ ሲጮኽ በዚያችው ከተማ ባሮች ይሸጡ ይለወጡ ነበር። ገዢዎቹ ደወሉን ሰሙ እንጂ ጽሕፈቱን አልሰሙም። ነገር ግን ከ80 ዓመት ያህል በኋላ፥ በ1830ዎቹ፥ ባርነትን የሚቃወሙ ሰዎች ያንን ጽሕፈት አንብበው፥ የነጻነት ደወል ብለው ሰየሙት፥ ለሚዋጉለትም ነገር ምልክት አደረጉት። በ1865 ዓመትም በዚያ አገር ባርነት በሕግ ተሻረ። ደወሉን ያሠሩት ሰዎች ያላደረጉትን ቃሉን ያነበቡት ሰዎች ፈለጉት።

ከዚህ የምንማረው፥ ጥሪና ጠሪ ሁለት ነገር መሆናቸውን ነው። ጠሪው ቢያጐድል ጥሪው አይጐድልም፤ ይልቁንም ተመልሶ በጠሪው ላይ ይመሰክርበታል። ስለዚህ፥ ወንድሜ ሆይ፥ የምታውቀው ሰባኪ ወይም ካህን ግብዝ መሆኑን አይተህ፦ እንግዲህ እኔም አልሄድም ብትል፥ ግብዙ ሁለት ሰው አጠፋ ማለት ነው፤ ራሱንና አንተን። እርሱ የተናገረው እውነት ከሆነ እውነቱን ከአፉ ውሰድና ኑርበት፤ ግብዝነቱን ለባለቤቱ ተውለት። በጋሞ አገር የሆነውም ይህ ነው። ባላገሩ የባለ ጕልቱን ሥራ አይቶ እግዚአብሔርን አልተወም። ደወሉ የባለ ጕልቱ እንዳልሆነ፥ የእግዚአብሔርም ስም ከባለ ጠመንጃው ጋር እንዳልመጣ ያስተዋሉ ብዙዎች ሆኑ፤ አንዳንዱ በአባቶቹ ቤተ ክርስቲያን፥ አንዳንዱ በወንጌል ማኅበር፥ እየዘመረ ኖረ። የባለ ጕልቱ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጅ ተሻረ፤ ደወሉ ግን እስከ ዛሬ ይመታል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ይነካናል፤ የሰማ ሰው ዕዳው ምንድን ነው?

ስለዚህ ነገር ከጋሞ ሽማግሌዎች የሚበልጥ ምሳሌ አናውቅም። የጋሞ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ዱቡሻ በሚባል የአደባባይ ስፍራ ተሰብስበው ስለ አገራቸው ጉዳይ ይመክራሉ፥ የተጣላውንም ያስታርቃሉ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩና በአካባቢዋ ሰዎች ተገደሉ፥ ብዙዎችም ተፈናቀሉ፤ ከእነርሱም መካከል የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ የወጣቶች ልብ ነደደ። ለወገኖቻቸው ደም በቀል ሊፈልጉ፥ በከተማቸው የሚኖሩትንና በነገሩ ምንም እጅ የሌላቸውን ሰዎች ንብረት ሊያጠፉ ተነሥተው ወጡ። በዚያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች በመንገዱ ላይ ቀድመዋቸው ቆሙ። እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በቍጡው ሕዝብ ፊት ተንበረከኩ። ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲንበረከክ እርሱን አልፎ መሄድ በአገሩ ሥርዓት ነውር ነው። ወጣቶቹም ቆሙ፤ ተመለሱም።

አንባቢ ሆይ፤ እርጥብ ሣር ድምፅ የለውም። በዚያ ቀን ማማ አልነበረም፥ ነሐስም አልነበረም፤ ጥሪው ግን ተሰማ። ለምን ተሰማ? በመጀመሪያ፥ ጠሪዎቹ ራሳቸው በመንገዱ ላይ ስለ ወረዱ ነው። በቤታቸው ተቀምጠው፦ ታገሡ ብለው መልእክት አልላኩም፤ ጕልበታቸውን በአስፋልቱ ላይ አኖሩ። የሞቱት የእነርሱም ልጆችና ወገኖች ነበሩ፤ ስለዚህ ታገሡ ሲሉ ያልከፈሉትን ዋጋ ሌላውን ክፈል አላሉም። ሁለተኛ፥ ሰሚዎቹ ሰምተው ስለ ቆሙ ነው። ይህን ሁለተኛውን ነገር ሰዎች ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል። የሽማግሌዎቹን ትሕትና ሁሉ ያመሰግናል፤ የዚያ ቀን ሰላም ግን ከወጣቶቹም እጅ የወጣ ነው። ቍጣ የሞላበት ሰው፥ ብዙ ሆኖ፥ ጕልበትም እያለው፥ በሣር ፊት መቆሙ ቀላል ነገር አይምሰልህ። ጠሪ ያለ ሰሚ በከንቱ ይደክማል፤ ሰሚም ሳይታዘዝ ቢቀር መስማቱ ፍርድ ይሆንበታል እንጂ አይጠቅመውም።

አንዳንድ ሰው ግን እንዲህ ብሎ ይከራከራል፦ ወገኔ ሲገደል ዝም ማለት ፍትሕን መርሳት አይደለምን? ተንበርካኪው ሽማግሌ ገዳዩን አልረዳምን? ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፥ በንቀትም አይመለስም። የተገደለው ሰው ደም ፍርድ ይጠይቃል፤ ገዳዩም በሕግ ፊት መቅረብ ይገባዋል። ነገር ግን በአርባ ምንጭ ጎዳና ሊመታ የነበረው ሰው ገዳዩ አልነበረም። የሰፈሩ ጎረቤት፥ ባለ ሱቁ፥ ስሙና ቋንቋው ብቻ ከገዳዮቹ ጋር አንድ የሆነ ሰው ነበር። ፍትሕ በደለኛውን ይፈልጋል፤ በቀል ግን የቀረበውን ይመታል። ሽማግሌዎቹ የከለከሉት በቀልን ነው፤ ፍትሕን አልከለከሉም። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሕዝብ በየትኛውም ደወል ቢጠራ፥ እንደ ሮማ አደባባይ ሕዝብ ወደ ጥፋት ይሮጣል።

አሁን ሦስቱን ጥያቄዎች በአንድ ምሳሌ እናስራቸው። በቅዱስ መጽሐፍ ደወል የሚመስል ነገር የምናገኘው በኦሪት ዘፀአት፥ በካህኑ በአሮን ልብስ ላይ ነው። በቀሚሱ ዘርፍ ዙሪያ የወርቅ ሻኵራና ሮማን እየተፈራረቀ እንዲደረግ ታዘዘ። ካህኑ ወደ መቅደስ ሲገባና ሲወጣ ድምፁ ይሰማ ነበር። ነገሩን አስተውል። ያ ሻኵራ በማማ ላይ አልተሰቀለም፤ በካህኑ እግር አጠገብ ነበር። ገመድ የሚጐትትለት ሌላ ሰው አልነበረውም። ካህኑ ከተራመደ ይጮኻል፤ ካህኑ ከቆመ ዝም ይላል። ከሻኵራውም አጠገብ ሮማን፥ ማለት ፍሬ፥ ነበረ። ድምፅና ፍሬ በአንድ ዘርፍ ላይ ተሰፍተው ነበር።

የዘመናችን ደወል ግን ሰውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ጠርቶ ራሱ በውጭ ያድራል። ለነሐስ ይህ ነውር አይደለም፤ ነሐስ ነፍስ የለውምና። ለሰው ግን እጅግ ነውር ነው። ሌላውን ወደ ዕርቅ ጠርቶ ራሱ ከወንድሙ ጋር ሳይነጋገር ዓመት የሚያልፈው፥ ልጆቹን እውነት ተናገሩ ብሎ ራሱ በገበያ በሐሰት ሚዛን የሚመዝነው፥ ስለ ድሆች የሚያስተምር የሸማኔውን ዋጋ ግን የሚቀንሰው፥ እርሱ የማማ ደወል ነው። እግዚአብሔር ከእኛ የሚፈልገው የአሮንን ሻኵራ መሆን ነው፤ ስንራመድ ብቻ የምንሰማ፥ ድምፃችንም ፍሬያችንን አጠገቡ ያደረገ።

እንግዲህ፥ ወንድሜ ሆይ፥ አንቺም እኅቴ፥ ይህን ምክር ወደ ቤትህና ወደ ቤትሽ ይዛችሁ ግቡ። በጥዋት ደወል በሰማህ ጊዜ፥ ልብስህን ከመልበስህ በፊት ጥቂት ቆመህ ራስህን ጠይቅ። የሚጠራኝ ወዴት ነው? ስምህን እየጠራ ወደ ጥላቻ የሚወስድህ ድምፅ፥ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቢነገርም፥ በወገን ስም ቢነገርም፥ አትታዘዘው። የሚጠራህ ሰው ደካማ ቢሆን፥ በድካሙ አታመካኝ፤ እውነቱን ውሰድ። አንተም ጠሪ ከሆንህ፥ አባት ወይም መምህር ወይም ሽማግሌ ወይም ሰባኪ ከሆንህ፥ ቀድመህ ያልሄድህበትን መንገድ ለሌላው አታመልክት።

በመጨረሻም ይህን አንድ ነገር አትርሳ። ጌታችን በተራራው ላይ ሲያስተምር፥ መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ የተቀየመው መሆኑን ባሰበ ጊዜ፥ መባውን በዚያው አኑሮ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ አዝዟል። ስለዚህ ደወሉ ሲመታ፥ የድንበር ድንጋይ የገፋህበት ጎረቤት ካለ፥ ደመወዙን ያቈየህበት ሠራተኛ ካለ፥ ሰላምታ የነፈግኸው ወንድም ካለ፥ የዚያ ቀን የመጀመሪያ መንገድህ ወደ ማማው አይደለም። ጭጋጉ ቢሆንም፥ መንገዱ ጭቃ ቢሆንም፥ ወደ ወንድምህ ደጅ ሂድ፤ አንኳኳ፤ ይቅርታ ጠይቅ፥ የወሰድህበትንም መልስ። ከዚያም ሁለታችሁ አብራችሁ ወደ ጸሎት ውጡ። ደወሉ ከተመታ ቆይቶ እንኳ ቢሆን፥ ዘገያችሁ የሚላችሁ የለም።